ከኦፒየም እስከ ሎፔራሚድ፦ የመንገደኛ ተቅማጥ ማስቆሚያ ታሪክ

የመንገደኛ ተቅማጥ ከአገሩ የወጣ ሰው በደረሰበት ስፍራ ከሚበላውና ከሚጠጣው በሚያገኘው ተሕዋስ የሚይዘው ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕክምና ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ይሁን እንጂ አውቶቡስ ውስጥ ለተሳፈረ፣ የአውሮፕላን ሰዓት ለደረሰበት ወይም ከጦር ጋር ለሚዘምት ሰው ሦስት ቀን ረጅም ጊዜ ነው። ስለዚህ መንገደኛ በየዘመኑ ሆዱን የሚይዝለት መድኃኒት ፈልጓል፤ አግኝቷልም። ያስቸገረው መድኃኒቱን ማግኘቱ ሳይሆን መቼ እንደሚዋጥና መቼ እንደሚተው ማወቁ ነበር። ተቅማጡ ቆመ ማለት በሽታው ዳነ ማለት እንዳልሆነ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሏል፤ የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክም በአመዛኙ የዚያ ዋጋ ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውና ለረጅም ዘመን ተወዳዳሪ ያልነበረው ማስቆሚያ ኦፒየም ነው። የኦፒየም አበባ ፍሬ ገና ለምለም ሳለ በስለት ሲጫር ነጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ይህ ሙጫ ሕመም እንደሚያስታግስ፣ እንቅልፍ እንደሚያመጣና ሆድ እንደሚያደርቅ የጥንት ግሪኮችም የዐረብ ሐኪሞችም ያውቁ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደናም ኦፒየምን በወይን ጠጅ ዘፍዝፎ፣ ሳፍሮን፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሮበት ላውደነም የተባለውን ፈሳሽ በሰፊው አስለመደ። በሲደናም እጅ የሠለጠነው ቶማስ ዶቨር ደግሞ በ1732 ባሳተመው መጽሐፍ ኦፒየምን ኢፔካክ ከተባለ የደቡብ አሜሪካ ሥር ጋር የቀላቀለ ዱቄት አስተዋወቀ፤ ዱቄቱ በስሙ ተጠርቶ ለ200 ዓመት ያህል በመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ቆየ። ዶቨር ራሱ ከመንገደኞች ወገን ነበር። በ1709 በአንድ ሰው አልባ ደሴት ላይ ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ የቆየውን አሌክሳንደር ሴልከርክን ባገኘው የመርከብ ጉዞ ውስጥ ነበረበት፤ ሮቢንሰን ክሩሶ የተባለው የልብ ወለድ ሰው መነሻው ይኸው ሴልከርክ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

ኦፒየም እንዴት ሆድ እንደሚይዝ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። አንጀት ይዘቱን የሚያሳልፈው እየተኮማተረና እየተለቀቀ ነው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ባሉት ነርቮች ላይ ኦፒየም የሚያርፍባቸው ተቀባዮች አሉ፤ መድኃኒቱ እዚያ ሲያርፍ መኮማተሩ ይዘገያል፣ ይዘቱ በአንጀት ውስጥ ይቆያል፣ በቆየ ቁጥርም ውሃው ወደ ደም ይመጠጣል፤ ሰገራውም ይጠጥራል። እነዚህ ተቀባዮች በላቦራቶሪ የተረጋገጡት በ1973 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች የሚያዩት ውጤቱን ብቻ ነበር፤ ውጤቱም በእርግጥ የሚያስገርም ስለነበር ከዚያ ወዲያ የጠየቀ ጥቂት ነው።

በመንገደኞች ዘንድ ኦፒየምን ከማንም በላይ ያስፋፋው ክሎሮዳይን ነው። በሕንድ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ጆን ኮሊስ ብራውን በ1848 ለኮሌራ ይሆናል ብሎ የቀመመው ሲሆን፣ በ1856 የመሥራትና የመሸጥ መብቱን ለንደን ላለ ዳቬንፖርት ለተባለ መድኃኒት ቀማሚ ሰጠው። ውስጡ የኦፒየም ፈሳሽ፣ ካናቢስና ክሎሮፎርም ነበረበት። ሦስቱም እያንዳንዳቸው ሰውን የሚያደነዝዙ ናቸው። ገበያው ስለደራ ሌሎች በዚያው ስም አስመስለው ይሸጡ ጀመር፤ በ1864 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የጋዜጣ ማስታወቂያዎቹ ለኮሌራ፣ ለተቅማጥ፣ ለቁርጠት፣ ለሳልና ለእንቅልፍ እጦት አንድ ጠርሙስ ይበቃል ይሉ ነበር። ወደ እስያና አፍሪካ የሚሄድ መኮንን፣ ሚስዮናዊ ወይም ነጋዴ ያለ ክሎሮዳይን ጓዙን አይሸክፍም ነበር። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገኝ ስለነበር ሱስ የያዛቸውና ከመጠን በላይ ጠጥተው የሞቱም ጥቂት አልነበሩም። ከጊዜ በኋላ ካናቢሱና ክሎሮፎርሙ ወጥተውለት፣ ሞርፊኑም ተቀንሶ፣ የፈጣሪውን ስም እንደያዘ በእንግሊዝ መድኃኒት ቤቶች እስከ ቅርብ ዘመን ተሽጧል።

ክሎሮዳይን የተቀመመለት በሽታ ግን ክሎሮዳይን ከማይረዳቸው በሽታዎች የመጀመሪያው ነበር። ኮሌራ አንጀትን አያቆስልም፤ የሚያመነጨው መርዝ አንጀት ከደም ውሃና ጨው እየሳበ እንዲያፈስ ያደርጋል። የጠናበት ሕመምተኛ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ኦፒየም የአንጀቱን መኮማተር ቢያዘገይም ማፍሰሱን አያስቆምም። ሕመምተኛው ወደ መጸዳጃ መመላለሱን ይተዋል፤ አንጀቱ ግን በውሃ እየተሞላ፣ ደሙ እየወፈረ ይሄዳል። ከአልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም መሻሻል የሚመስል ነገር ያያል። በ1832 ኮሌራ ስኮትላንድን ሲመታ ሊዝ በተባለች ወደብ ይሠራ የነበረው ቶማስ ላታ የሕመሙን ምንጭ ተረድቶ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ በቀጥታ በደም ሥር ሰጥቶ ሊሞቱ የደረሱ ሰዎችን አነቃ። የተሰጣቸው መጠን በቂ ባለመሆኑና ውሃው ንጹሕ ባለመሆኑ ብዙዎቹ ተመልሰው ሞቱ፤ ላታም በዓመቱ ዐረፈ፤ ሐሳቡም ለብዙ አሥርት ዓመታት ተዘነጋ። የጎደለውን የመተካት መንገድ ቀርቶ የሚወጣውን የመያዝ መንገድ ቀጠለ። ይህ አጋጣሚ ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ትልልቅ የሕክምና ጉዳቶች አንዱ ሊባል ይገባዋል።

በዚህ መካከል የተቅማጥ ዓይነቶች በማይክሮስኮፕ ይለዩ ጀመር። በ1875 በቅዱስ ፒተርስበርግ ፊዮዶር ሎሽ የአንድ ገበሬ የደም ተቅማጥ ውስጥ አሜባ አገኘ። ሮበርት ኮክ በ1883 እና በ1884 በግብፅና በካልካታ የኮሌራን ባክቴሪያ ለየ። በ1897 ጃፓን ውስጥ ከ90,000 በላይ ሰው የያዘ የደም ተቅማጥ ወረርሽኝ ሲነሣ ኪዮሺ ሺጋ ዛሬ በስሙ ሺጌላ የሚባለውን ባክቴሪያ አገኘ። ከዚህ በኋላ ቢያንስ ለሐኪሞች አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፦ ተቅማጥ አንድ በሽታ አይደለም። አንዳንዱ ተሕዋስ ከአንጀቱ ግድግዳ ላይ ሆኖ መርዙን ብቻ ይረጫል፤ ሰገራውም ውሃ ይሆናል። አንዳንዱ ግን ግድግዳውን ሰብሮ ይገባል፤ ያን ጊዜ ደም፣ ንፍጥ፣ ቁርጠትና ትኩሳት ይመጣሉ። የማስቆሚያ መድኃኒት አደጋ የሚለያየው በዚህ ነው፤ ነገር ግን ይህን ልዩነት ከመድኃኒቱ አወሳሰድ ጋር ያገናኘ ጥናት እስኪመጣ ሌላ 75 ዓመት አለፈ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሳፋሪ አውሮፕላን ሲስፋፋ ተቅማጥ የወታደርና የቅኝ ገዢ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዕረፍት ተጓዥ ጉዳይ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የኒው ዮርኩ ሐኪም ቤንጃሚን ኪን ከሜክሲኮ የሚመለሱ አሜሪካውያንን እየጠየቀ ስለ መንገደኛ ተቅማጥ ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አንዱን አወጣ። ከተጓዡ ሢሶ ያህሉ ይታመም ነበር። የሕመሙ ምክንያት ባይታወቅም የሚሸጥለት መድኃኒት ሞልቶ ነበር፤ ከሁሉ የታወቀው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የሚገኘው ሲባ የተባለ ኩባንያ በ1934 ለአሜባ ያወጣው ኢንቴሮ ቫዮፎርም ነው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ክሊዮኪኖል ይባላል። ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ተብሎ ስለሚታመን እንደ ገራም ይቆጠር ነበር። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚነሣ ቱሪስት ሳይታመም ጀምሮ መከላከያ እያለ በየቀኑ ይውጠው ነበር። በመከላከያነቱም ሆነ በማዳኑ ይሠራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ ኖሮት አያውቅም።

የዚህ መድኃኒት ዋጋ የታወቀው በጃፓን ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚያ አገር ያልታወቀ በሽታ ታየ። በሆድ ሕመምና በተቅማጥ ይጀምራል፤ ቀጥሎ እግር ከጣት ጀምሮ ይደነዝዛል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ መራመድ ያቅታል፤ በከፋው ደረጃ ዓይን ይጠፋል። ስሙንም የአከርካሪ፣ የዓይንና የነርቭ ሕመም ከሚሉት ቃላት አጥረው ስሞን አሉት። በየቤተሰቡና በየሆስፒታሉ እየተከታተለ ስለሚታይ ተላላፊ ነው ተብሎ ቫይረሱ ይፈለግ ነበር። ሕመምተኞች ከጎረቤት ተገለሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። ፍንጩ የመጣው ከቀለም ነው። አንዳንዶቹ ሕመምተኞች ምላሳቸው አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፤ ሽንታቸውና ሰገራቸውም አረንጓዴ ነበር። በ1970 ኬሚስቶች አረንጓዴውን ነገር ለይተው ሲመረምሩት ክሊዮኪኖል ከብረት ማዕድን ጋር ተዋሕዶ የሠራው ውሕድ ሆኖ ተገኘ። ከአንጀት ወደ ደም አይገባም የተባለው መድኃኒት ሽንት ድረስ ደርሷል ማለት ነው። የኒጋታ ዩኒቨርሲቲው ታዳኦ ጹባኪ የሕመምተኞችን የመድኃኒት መዝገብ አገላብጦ አብዛኞቹ ነርቫቸው ከመታመሙ በፊት ክሊዮኪኖል መውሰዳቸውን አሳየ።

እዚህ ላይ የማስቆሚያ መድኃኒት ወጥመድ ከሁሉ ይበልጥ ይታያል። ክሊዮኪኖል ራሱ ሆድ ያሳምም ነበር። ሕመምተኛው ሆዱን ባመመው ቁጥር ሐኪሙ መድኃኒቱን ይጨምርለታል፤ በጨመረ ቁጥር ነርቩ ይጎዳል፤ አንዳንዱ ለወራት በዚህ ሁኔታ ቆይቷል። የጃፓን መንግሥት በመስከረም 1970 ሽያጩን አገደ፤ አዲስ ሕመምተኛ መምጣቱም ወዲያው ቆመ ለማለት እስኪቻል ቀነሰ። እስከዚያ ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ተጎድቷል። ተጎጂዎቹ ከሰሱ፤ የቶኪዮ ፍርድ ቤት በ1978 አምራቾቹንና መንግሥትን ተጠያቂ አደረገ። በሌሎች አገሮች ግን ሽያጩ ቀጥሎ ነበር፤ ኩባንያው በዓለም ዙሪያ መሸጡን ያቆመው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ጃፓናውያኑ ዓይናቸውን ባጡ በ15 ዓመት ውስጥ ያው ኪኒን ወደ ሐሩር አገሮች በሚሄዱ መንገደኞች ሻንጣ ውስጥ መገኘቱ ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳዝነው ክፍል ነው።

ከኦፒየም ሱሱን አውጥቶ ሆድ መያዙን ብቻ የማስቀረት ጥረት የተሳካው በቤልጂየም ነው። ፖል ያንሰን የተባለው ሐኪምና ኬሚስት በ1956 ዳይፊኖክሲሌት የተባለ መድኃኒት ሠራ፤ በአሜሪካ ሰርል የተባለው ኩባንያ በ1960 ሎሞቲል ብሎ ገበያ ላይ አዋለው። መጠኑ ሲበዛ አንጎልን ስለሚያደነዝዝ ሰው ለሱስ እንዳይውጠው አትሮፒን ተጨመረበት፤ አትሮፒን ሲበዛ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፣ ያስጠላል። ሎሞቲል በቱሪስቱ ዘንድ ከመስፋፋቱም በላይ ወደ ጨረቃ የተጓዙት የአፖሎ መንኮራኩሮች የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ገብቷል። በ1969 ያንሰን ላቦራቶሪ፣ ቤርሴ በተባለችው ከተማ፣ ሎፔራሚድን አገኘ። በ1973 ኢሞዲየም በሚል ስም በቤልጂየም ተሸጠ፤ በ1976 አሜሪካ ፈቀደችው። ሎፔራሚድም እንደ ኦፒየም በአንጀት ነርቮች ተቀባይ ላይ ያርፋል። ልዩነቱ በተለመደው መጠን ሲወሰድ ወደ አንጎል አለመግባቱ ነው፤ በአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያለ ፓምፕ የሚመስል ፕሮቲን መልሶ ያስወጣዋል። ላውደነም ከተቀመመ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በተለመደው መጠኑ የማያደነዝዝ፣ ሱስ የማያስይዝ ማስቆሚያ ተገኘ።

መድኃኒቱ ገበያ ላይ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በ1973፣ ኸርበርት ዱፖንትና ሪቻርድ ሆርኒክ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከሁሉ የሚቆጠረውን ውጤት አሳተሙ። ሺጌላ የተሰጣቸው ፈቃደኛ ሰዎች ሎሞቲል ሲወስዱ ትኩሳታቸው ካልወሰዱት ረዘመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግድግዳ ሰብሮ ለሚገባ ባክቴሪያ ተቅማጡ ራሱ ማስወጫ መንገድ ነው፤ አንጀቱ ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያው ይቆያል፣ ይራባል፣ ይጎዳል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ደም ወይም ከፍ ያለ ትኩሳት የሚታይበት ተቅማጥ በማስቆሚያ ብቻ አይታከም የሚለው ሕግ ጸና። የኮሌራ ዘመን ሐኪሞች በጭላንጭል ያዩት፣ የማይክሮስኮፑ ዘመን ሐኪሞች ምክንያቱን ያዘጋጁለት ጉዳይ በመጨረሻ በሰው ላይ ተፈትኖ ተለየ።

የዚሁ ሕግ ሁለተኛ ወገን ደግሞ አብዛኛው መንገደኛ የሚታመመው በደም ተቅማጥ አለመሆኑ ነው። ይህም የታወቀው በዚያው ዘመን ነው። በ1965 ወደ ኤደን ከመጡ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰገራ ውስጥ የተገኘ አንድ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ዓይነት በ1970 ይፋ ተደርጎ ነበር። በጥቅምት 1974 ደግሞ የዓለም የሆድና የአንጀት ሐኪሞች ጉባኤያቸውን በሜክሲኮ ሲቲ ሲያካሂዱ ተመራማሪዎች ከተጓዦቹ ሐኪሞችና ከቤተሰቦቻቸው 121 ሰዎችን ከመነሻቸው ጀምሮ ተከታተሉ። 59ኙ ታመሙ። የአንጀት ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ግማሽ ያህሉ በተቅማጥ ተያዙ፤ ብዙዎቹን ያሳመማቸውም መርዝ የሚያመነጨው ኢ ኮላይ ነበር። ይህ ባክቴሪያ እንደ ኮሌራ ግድግዳ አይሰብርም፣ ደም አያመጣም፤ ከኮሌራ በእጅጉ የቀለለ ነው። ሎፔራሚድ ለአንድ ጤነኛ አዋቂ መንገደኛ ጉዳቱ ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ የሚሆነው በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው።

በዚሁ ጊዜ አንድ አሮጌ ሽሮፕ ወደ ጥናት መድረክ ተመለሰ። ፔፕቶ ቢስሞል በመባል የሚታወቀው ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ የተሠራው በ1901 ለሕፃናት ተቅማጥ ነበር። ዱፖንትና ባልደረቦቹ በጓዳላሃራ ለትምህርት በሄዱ አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ ሞክረው በውስጡ ያለው ቢስመዝ ተቅማጥ እንደሚቀንስ፣ ሳይታመሙ ቢወስዱትም የሚታመመውን ቁጥር እንደሚቀንስ አሳዩ። ምላስንና ሰገራን ያጠቁራል፤ ጉዳት የለውም። ለመከላከል የሚወሰደው መጠን ግን ብዙ በመሆኑና አስፕሪንን የሚመስል ነገር ስላለበት ለሕፃናትና ለአንዳንድ ሕመምተኞች አይሆንም።

በተቅማጥ ሕክምና ውስጥ ከሁሉ የላቀው ግኝት ከማስቆሚያዎቹ ተርታ አይደለም። በ1960 ሮበርት ክሬን አንጀት ስኳርንና ሶዲየምን በአንድ በር እንደሚያስገባ በፕራግ አሳወቀ፤ ስኳርና ጨው አብረው ሲሰጡ ውሃም ይከተላል። በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ በዳካ የኮሌራ ሕመምተኞችን በዚህ ፈሳሽ አከሙ። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞችን ወደ ሕንድ ሲያጎርፍ ድንበሯ ላይ ባለችው ባንጋዎን ኮሌራ ተነሣ። በካልካታ ይሠራ የነበረው ዲሊፕ ማሃላናቢስ የደም ሥር ፈሳሽ ሲያልቅበት በአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ጨውና 2.5 ግራም ሶዳ አዘጋጅቶ በየከረጢቱ አሸገ፤ ፈሳሹ በቧንቧ በተገጠመላቸው በርሜሎች ተቀምጦ እናቶችና ዘመዶች ራሳቸው በብርጭቆ እየቀዱ ለታማሚዎቻቸው ሰጡ። ሌላ ቦታ እስከ 30 በመቶ የነበረው ሞት እሱ በሚከታተላቸው ዘንድ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1978 ይህን የስኳርና የጨው ግኝት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እርምጃ ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ። ላታ በሊዝ ወደብ የጀመረው መንገድ የተፈጸመው እዚህ ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ኦ አር ኤስ ወይም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሚል የሚታወቀው ከረጢት በየጤና ጣቢያው አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከዚንክ ጋር ለሕፃናት ይሰጡታል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ባጭሩ አተት፣ በሚነሣበት ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ውሃና ጨው መተካት ነው።

ሎፔራሚድ ግን የኦ አር ኤስ ጥቅም ከታወቀም በኋላ ለሕፃናት ይሸጥ ነበር። በጠብታ መልክ የተዘጋጀው ዓይነት በእስያና በአፍሪካ ገበያዎች ነበር። በ1989 እና በ1990 በፓኪስታን ሕፃናት አንጀታቸው ጨርሶ መንቀሳቀስ አቁሞ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ወደ ሆስፒታል ይመጡ ጀመር፤ ከመካከላቸው የሞቱ አሉ። የሕፃን አንጀትም ነርቭም ለዚህ መድኃኒት ከአዋቂ ይልቅ የተጋለጠ ነው። በ1990 በፓኪስታን የልጆቹ ዝግጅት ታገደ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ለሕፃናት ተቅማጥ ስለሚታዘዙ መድኃኒቶች ባወጣው ሰነድ ማስቆሚያዎች ለልጆች ቦታ እንደሌላቸው ገለጸ። ከደምና ከትኩሳት ቀጥሎ ሦስተኛው ክልከላ፣ ዕድሜ፣ የመጣው በዚህ ሁኔታ ነው።

ለአዋቂው መንገደኛ ሌላው ጥያቄ ከማስቆሚያው ጋር አንቲባዮቲክ ይወሰድ ወይ የሚል ነበር። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በኬንያ ዶክሲሳይክሊን እየዋጡ መከላከል እንደሚቻል አሳይተው ነበር። በጥር 1985 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ሊቃውንት ግን ጤነኛ ተጓዥ አንቲባዮቲክ በየቀኑ እንዳይውጥ፣ ከታመመ በኋላ ግን ሊወስድ እንደሚችል ወሰኑ። ሎፔራሚድ በአሜሪካ ያለ ማዘዣ መሸጥ የጀመረው በ1988 ነው። ቀጥሎ በ1990 በሜክሲኮ የተደረገ ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ሕመሙን ከእያንዳንዳቸው ይልቅ በፍጥነት እንደሚያቆም አሳየ፤ ከዚያ ወዲያ የተጓዥ የኪስ መድኃኒት ይህ ጥንድ ሆነ።

ከዚያ ባክቴሪያዎቹ አንቲባዮቲኩን ለመዱ። ታይላንድ ውስጥ ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ መቋቋም ስለጀመረ ሐኪሞች ወደ አዚትሮማይሲን ተሻገሩ። በ2015 በፊንላንድ አኑ ካንቴሌና ባልደረቦቿ 430 ተጓዦችን ከመሄዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ መርምረው 21 በመቶዎቹ ብዙ አንቲባዮቲክን የሚቋቋም ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይዘው መመለሳቸውን አገኙ። ተቅማጥ ይዟቸው አንቲባዮቲክ ከወሰዱት መካከል ይህ ቁጥር 37 በመቶ ነበር። በቀጣይ ጥናታቸው ሎፔራሚድ ብቻውን ይህን አደጋ እንደማይጨምር አሳዩ። በዚህም ምክንያት ለቀላል ሕመም አንቲባዮቲክ ከማዘዝ ይልቅ ማስቆሚያው ብቻውን ወደ ፊት መጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ዓለም አቀፉ የጉዞ ሕክምና ማኅበር ያሠራው መመሪያ ሕመሙን በሚወጣው ሰገራ ቁጥር መመዘኑን ትቶ በሰውየው ሁኔታ ለየው። ተጓዡ እየታገሠው ሥራውን የሚሠራበት ቀላል ነው፤ ሎፔራሚድ ወይም ቢስመዝ መውሰድ ይችላል፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ጉዞውን የሚያስተጓጉለው መካከለኛ ነው፤ ሎፔራሚድ ብቻውን ወይም ከአንቲባዮቲክ ጋር ይሆናል። ከአልጋ የሚያውለው፣ እንዲሁም ማንኛውም የደም ተቅማጥ፣ ከባድ ነው፤ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ አዚትሮማይሲንም ይመረጣል። ሎፔራሚድ ሲወሰድ መጀመሪያ 4 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ የላላ ሰገራ በኋላ 2 ሚሊ ግራም ነው፤ ያለ ማዘዣ የሚገዛው በቀን ከ8 ሚሊ ግራም አይበልጥም፣ በሁለት ቀን ካልተሻለም ሐኪም ይታያል። ከዚህ በላይ መውሰድ ጉዳት እንዳለው በ2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አስጠንቅቋል፤ የኦፒየም ዓይነት ስካር ፈልገው ከተፈቀደው በብዙ እጥፍ የዋጡ ሰዎች የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሞተዋልና።

ዛሬ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ለበዓል የሚመጣ ቤተሰብ ማስቆሚያ መቼ እንደሚወሰድና መቼ እንደሚተው የሚለው ሕግ ሁለት ወገን አብረውት ይጓዛሉ። ውጭ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው በልጅነቱ የለመደውን የአንጀት መከላከያ አጥቶ ይመጣል፤ ዘመድ ቤት ስለሚያርፍም ከሆቴል ተጓዥ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጋለጣል። አዋቂው ደም ሳያይና ትኩሳት ሳይሰማው ቀኑን ማለፍ ካስፈለገው ሎፔራሚድ መውሰድ ይችላል። አብሮት ለመጣው የሁለት ዓመት ልጅ ግን ያው ኪኒን አይሰጥም፤ የሚሰጠው ንጹሕ ውሃና የኦ አር ኤስ ከረጢት ነው፣ ከእርሱም ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ደም ካየ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።